ድንጋይ የያዘው ወንበር

እኛ ሰፈር ሰው ተኝቶ ድንጋይ ይሰለፋል። ማታ ከሥራ ሲመለስ ሁሉም ድንጋዩን ፌርማታው ላይ በተራው አስቀምጦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጎህ ሲቀድ መጥቶ ድንጋዩ አጠገብ ይቆማል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን በሳቅ ልፈርስ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? ድንጋይ ወዴት ሊሄድ ነው?» አልኩት ባሌን። ሳምንት ሳይሞላን እኛም ከግንባታ ፍርስራሽ ውስጥ የራሳችንን ድንጋይ ስንመርጥ ተገኘን። የሳቁበት ነገር ሳይደርስ አይቀርም።

የምንኖረው ከተማው ጫፍ ላይ ነው። ጫፍ ማለት እንኳ አይቻልም፤ ዛሬ ጫፍ ያሉት ቦታ ነገ መሃል ይሆናል፣ ይህን ያልሰማው አውቶብሱ ብቻ ነው። ድሮ የነበርንበት ሰፈር ሲፈርስ በምትኩ እዚህ ብሎክ ላይ ቤት ሰጡን። አሮጌው ቤታችን ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱን ከጎረቤት ሁሉ ጋር እንጋራ ነበር። ግን ከበራችን ወጥቶ ሁለት ቅያስ ለታጠፈ ሰው ገበያው እዚያው ነው፣ ትንሽ አለፍ ሲል ደግሞ ሆስፒታሉ። አዲሱ ቤት ሽንት ቤቱ ከውስጥ ነው። ቁልፍ የተረከብን ቀን ባሌ ገብቶ በሩን ዘጋና፣ «አንቺ! የሚያንኳኳ ሰው የለም እኮ!» ብሎ ጮኸ። እንደ ልጅ ነበር የፈነደቀው። ከበሩ ውጪ ምንም እንደሌለ ያስተዋልነው ከሰነበትን በኋላ ነው። ገበያ የለም፣ ሐኪም የለም፣ በወጉ የተሠራ መንገድ እንኳ አንድ ብቻ ነው።

ባሌ የቤት ቀለም ቀቢ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራውም «ቀቢው» እያለ ነው። እኔ መሃል ከተማ ስፌት ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ድንጋያችንን ከቤት በተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀባው፣ ሁለት እጅ አድርጎ፣ መጀመሪያ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኖ። «ለድንጋይ ስቱኮ?» ስለው «ሥራ ሥራ ነው» አለኝ። በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች፤ የእሷ ቢጫ እንዲሆንላት ፈለገች። ከዚያ አናጢው፣ ከዚያ አስተማሪው። ወሩ ሳያልቅ ፌርማታው ላይ የተደረደረው ድንጋይ ከሩቅ ሲያዩት የሠርግ ቤት ይመስል ነበር። ጠዋት ጠዋት ባሌ ከሰልፉ ዳር ቆሞ ሲያየው ደረቱ ይነፋል። «ከተማው ውስጥ የሚያምር ሰልፍ ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው» ይላል። የሚያምር አውቶብስ ቢኖረን ይሻል ነበር።

ሰልፉን የሚያስከብሩት ጋሼ ዳኛው ናቸው። ዳኛ ሆነው አያውቁም፤ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ዘበኛ ናቸው። ፊሽካቸውን ግን ለመሥሪያ ቤቱ አልመለሱም። ልጃቸው መሃል ከተማ ሱቅ ስላላት ጠዋት ጠዋት ሊያግዟት ይሄዳሉ፤ እግረ መንገዳቸውን እኛን ይገዙናል። ሕጋቸው አጭር ነው፦ ድንጋይ የሰው ቦታ ነው፣ የሰው ድንጋይ የነካ ከኋላ ይሰለፋል፣ የታመመ ይቅደም። አንድ ጊዜ ከሌላ ብሎክ የመጣ ጎረምሳ የአንዲት አሮጊት ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ አለፈና፣ ፊሽካውን ጆሮው ሥር ነፍተውበት እስከ ዛሬ ከኋላ ነው የሚሰለፈው። እንዲህ ዓይነት ሕግ ያለው ቦታ ሌላ አላየሁም። ቢያስቀኝም እኮራበት ነበር።

እዚህ በገባን በዓመቱ የባሌ ኩላሊት እምቢ አለ። በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ታዘዘለት፤ ያውም ድሮ በእግራችን እንሄድበት በነበረው ሆስፒታል። ማሽኖቹ ጠዋት ላይ አብረው ነው የሚነሱት። ያኔ ወንበሩ ላይ ያልተገኘ ሰው ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጥበታል። ተጠባባቂውም ኮሪደሩ ላይ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ የሚውል የሌላ ሰው ባል፣ የሌላ ሰው እናት ነው። በማን ይፈረዳል? ነርሷን አንድ ቀን ተቆጥቼ ብናገራት፣ «እህቴ፣ ባልሽ ቢሆን ተጠባባቂው ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰማያዊው ድንጋይ ሁልጊዜ ከፊት ሆነ። ማንም አላጉረመረመም። ባሌ ግን እየከበደው ሄደ። እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ከብሎካችን እስከ ፌርማታው ያለው ዳገት ለሱ ተራራ ሆነበት። እኔ እየደገፍኩት፣ እሱ በየመብራት እንጨቱ እያረፈ እንደርስ ነበር፤ አንድ ጠዋት ግን ዳገቱ መሃል ላይ ቁጭ አለና «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እዚሁ ቤት ልሥራ» አለኝ። ቀልዱ ነው። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

መላ የፈጠሩት ጋሼ ዳኛው ናቸው። አውቶብሱ ከፌርማታው ተነስቶ ቁልቁል ሲወርድ በብሎካችን ደጃፍ ነው የሚያልፈው። «ቀቢው ለምን ይወጣል? ድንጋዩ ይሳፈርለት» አሉ። በር ሲከፈት መጀመሪያ እሳቸው ይገቡና ሰማያዊውን ድንጋይ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሰው በሰው ላይ ተደርቦ እንኳ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ አይገኝም። ሾፌሩ ጸጉሩ የሸበተ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ደጃፋችን ሲደርስ ፌርማታ ባይሆንም አንዴ ቀጥ ያደርገዋል፣ ባሌን ደግፌ አወጣዋለሁ፣ ጋሼ ዳኛው ድንጋዩን አንስተው እግራቸው ሥር ያደርጉታል። «ቦታህን ጠብቆልሃል» ይሉታል። ባሌም ድንጋዩን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ ሠራልን።

ችግሩ የመጣው ከመንገዱ ነው። ከተማው ባቡር ሊያስገባ ነው ተብሎ ዋናው መንገድ ተቆፈረ። ከላይ የሚሄድ ባቡር ነው አሉ፤ መሃል መንገዱ ላይ ምሰሶ በምሰሶ ሆነ፣ ምሰሶው ግን እስካሁን የተሸከመው ሰማዩን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፣ ባቡር አለኝ በሰማይ ግን ያየሁት እኛ ከተማ ነው። አንድ ዓርብ አውቶብሱ እዚያ ምሰሶ ሥር ተቀርቅሮ ረፈደ፤ ስንደርስ ማሽኑ ተነስቷል፣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ነርሷ የባሌን እግር በጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ጋሼ፣ ውሃ ይቀንሱ። አይጠጡ ማለት ይሻላል» አለችው። ከዚያ እኔን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ፣ «ሰኞ በምንም ተዓምር እንዳትቀሩ። ውሃው ወደ ሳንባው እየወጣ ነው። ሰኞን ካለፈ እኔ አላውቅም» አለችኝ።

«ዛሬውኑ ሌላ ቦታ የለም?»

«ሌላ ቦታ ቢኖር ይሄ ሁሉ ሰው ኮሪደር ላይ ምን ያደርጋል?»

ቅዳሜንና እሁድን ተቀምጦ አደረ፤ ጋደም ሲል ይታፈናል። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩለት ሁለታችንም ሰኞን እንጠብቅ ነበር። እሁድ ማታ ጋሼ ዳኛው መጥተው ቆመው፣ «አይዞህ ቀቢው፤ የነገውን ለኔ ተወው» አሉት። «ድንጋዩ ከፊት ነው። እኔው ራሴ አብሬው ነው የማድረው ማለት ይቻላል።»

ሰኞ ገና ሳይነጋ ደጃፋችን ላይ ቆምን። ወንበር አውጥቼለት ተቀምጧል፤ ኮቱን ለብሷል፣ ጫማው እግሩ ላይ እምቢ ስላለ በነጠላ ጫማ ነው። ከላይ የፊሽካው ድምፅ ተሰማ፣ በሩ ሲዘጋ ተሰማ፣ ከዚያ አውቶብሱ መብራቱን አብርቶ ቁልቁል መጣ። እጁን ይዤ አስነሳሁት። ውስጡ መብራት ስለበራ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል፦ ሰው መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ ጋሼ ዳኛው ከፊት ቆመው ወደ እኛ ይጠቁማሉ፣ እሳቸው አጠገብ ባዶ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ሰማያዊው ድንጋይ። መሪው ላይ ያለው ሰው ግን ሽበት አልነበረውም።

አውቶብሱ አልቆመም። ቀስ እንኳ አላለም።

ሮጥኩ። እጄን እያወዛወዝኩ፣ «ሰው አለ! የታመመ ሰው አለ!» እያልኩ አቧራውን ተከትዬ ሮጥኩ። አንድ እግር ጫማዬ ወልቆ ቀረ። ፊሽካው ከውስጥ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ደጋግሞ ይጮሃል፣ እየራቀ ይጮሃል። ኩርባውን ታጥፎ ጠፋ። ተመልሼ ስመጣ ባሌ የመብራት እንጨቱን ተደግፎ ቆሟል።

«ድንጋዩ ተሳፈረ?» አለኝ።

«ተሳፈረ» አልኩት።

«እንኳን ሁለታችንም አልቀረን» አለ። ትንፋሹ አላስጨረሰውም እንጂ ሊስቅ ነበር።

አውቶብሱ ውስጥ የሆነውን ኋላ ዳቦ ጋጋሪዋ ነገረችኝ። የድሮውን ሾፌር ከእኛ ወዲያ ለተሠራ ሌላ አዲስ ሰፈር መድበውታል፤ ያኛውም ሰፈር የሚጮህ ሕዝብ አለዋ! አዲሱ ገና ሥራ የጀመረ ወጣት ነው። ደጃፋችን ሲደርስ ሰው ሁሉ «አቁም! አቁም!» አለው። እሱም «ፌርማታ አይደለም፤ እዚህ ካቆምኩ እባረራለሁ። የምታቆሙኝስ ለማን ነው?» አለ። «ለዚህ» ብለው ወንበሩን ሲያሳዩት ዞር ብሎ ድንጋይ አየ። ሰው የሚቀልድበት መሰለው። በሚቀጥለው ፌርማታ በሩ ሲከፈት ጋሼ ዳኛው «አንድ ሰው ይውረድና ሮጦ ይጥራቸው፣ እኛ በሩን እንይዛለን» ብለው ለመኑ። ማንም አልወረደም። የወረደ ተመልሶ አይሳፈርም፤ ያረፈደ ደሞዙ ይቆረጣል ወይም ሥራው ይቀራል። እሳቸውም አልወረዱም፤ እሳቸው ከወረዱ ድንጋዩን የሚጠብቅ የለም። ከታች የተሳፈረች እርጉዝ ልትቀመጥ ብትል ሁሉም በአንድ አፍ «ተይዟል!» አሏት። እስከ መሃል ከተማ ወንበሩ ባዶውን ሄደ። ወንበሩን ሲጠብቁ ሰውየውን ረሱት።

አልተቀየምኳቸውም ብል ውሸት ነው። አንጀቴ እስኪያር ተቀይሜያለሁ። ግን እኔም ብሆን፣ የሌላ ሰው ባል ቢሆን፣ እወርድ ነበር?

ከጎረቤት አንድ ባለባጃጅ ቀስቅሼ እስከ ዋናው መንገድ አደረሰን። ከዚያ ወዲያ ባጃጅ አይፈቀድም። የኮንትራት ታክሲ ብለምን አንዱ የመንገዱን መዘጋት ሰምቶ «በዚያ በኩል ሰማይ ያህል ቢከፈለኝም አልሄድም» አለኝ። ሚኒባስ ታክሲ ሲመጣ ሰው እንደ ንብ ወረረው። እኔ በክርኔም በጥርሴም ብዬ በሩ ላይ ደረስኩና «የታመመ ሰው ነው፣ የታመመ ይቅደም!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ ባሌን አየው። «ግቡ እናቴ፣ ግቡ» አለ። እግዜር ይስጠው፤ በዚያን ቀን ሕጉን ያከበረ እሱ ብቻ ነው።

ምሰሶዎቹ ጋ ስንደርስ ቆምን። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ ከጎን የቆርቆሮ አጥር። አጥሩ ላይ በትልቁ «ለእርስዎ ምቾት እየሠራን ነው» ተብሎ ተጽፏል። ባሌ መስኮቱ ሥር ሆኖ ምሰሶውን ሲመለከት ቆየ።

«እንዲሁ ሊተዉት ነው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሲሚንቶውን። ቀለም የለውም እኮ።» ትንፋሽ ወሰደ። «ከሥሩ ጠቆር ያለ፣ ወደ ላይ ነጣ ያለ። ጭቃ ስለሚረጭበት።»

«አንተ ትቀባዋለህ» አልኩት።

«መሰላል ማን ይይዝልኛል?»

«እኔ።»

«አንቺማ ትለቂዋለሽ» አለና ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። ደረቱ ውስጥ ድስት እንደሚፈላ ዓይነት ድምፅ ነበር። ታክሲው አንድ ጊዜ ፈቀቅ አለ፣ ቆመ፣ ፈቀቅ አለ። ከዚያ የድስቱ ድምፅ ጠፋ። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ፤ አዎ፣ አንድ አፍታ ደስ አለኝ። ቀጥሎ የራሱ ክብደት ተለወጠብኝ። የተኛ ሰው እንደዚያ አይከብድም።

አልጮህኩም። ረዳቱ ዞር ብሎ «ተኙ እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ ደክሞታል» አልኩት። ከጮህኩ ያወርዱናል። እዚያ ምሰሶ ሥር፣ አቧራው ላይ፣ አውርደውን ሊሄዱ ነው፤ ሰው ሥራ አለበት። ስለዚህ ባሌን አቅፌ፣ ሲነቀነቅ እንዳይወድቅ ጭንቅላቱን በእጄ ይዤ፣ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ሄድኩ። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት «እንዲህ የሚያስተኛ እንቅልፍ ለኔ በሰጠኝ» ብላ ፈገግ አለችልኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ለዘበኛው ነገርኩት፤ አልጋ ይዘው መጥተው ባሌን ወሰዱት። አንዱ «ወደ ውስጥ ግቢና አስመዝግቢ» አለኝ። እኔን ግን እግሬ ወደለመደው ወሰደኝ። ደረጃውን ወጣሁና ወደ እጥበት ክፍሉ ኮሪደር ታጠፍኩ።

ኮሪደሩ እንደ ወትሮው ጢም ብሏል። ተጠባባቂዎቹ ሁሉ ቆመዋል፤ አንዲት አሮጊት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አግዳሚው ወንበር ላይ ግን ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ባዶ ነው፣ ባዶው ላይ ሰማያዊው ድንጋይ ተቀምጧል። ጋሼ ዳኛው ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ከአጠገቡ እንደ ዘብ ቆመዋል። ሱቁንም ልጃቸውንም ትተው ከነድንጋዩ እዚህ ነው የመጡት። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ይዤለታለሁ!» አሉኝ። «ነርሷን ለምኛት፣ ተሟግቻት፣ ማሽኑን ለማንም አልሰጠችም! ሕጉንም አስረድቻት እሺ አለችኝ። የታለ? እየወጣ ነው?»

ነርሷም በሩን ከፍታ ወጣች። «ቶሎ በሉ እንጂ! ስንት ሰው እያለቀሰብኝ ነው ያስጠበቅሁላችሁ። ባልሽስ?»

በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየሁ። ወንበሩ እዚያ ነው። አንሶላው ተነጥፏል፣ ማሽኑ በርቶ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ይላል። ስንት ጊዜ ወንበር አጥተን የተመለስን ሰዎች፣ ዛሬ ወንበሩ ነበር።

«ለእሳቸው ስጪያቸው» አልኳት፣ ወደ አሮጊቷ እያሳየኋት።

ጋሼ ዳኛው መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ሲገባቸው ባዶው ቦታ ላይ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አሉ። «ወርጄ መጥራት ነበረብኝ» አሉ። «ድንጋዩን ትቼ ወርጄ መጥራት ነበረብኝ።» ማጽናኛ ቃል አልነበረኝም፣ ቢኖረኝም ያኔ አልሰጣቸውም ነበር።

ሐዘን የሚቀመጡት ሥራ እስኪጠራ ነው። የስፌት ቤቱ አለቃ «እግዜር ያጽናሽ፣ ግን ትምህርት ሊከፈት ነው» ብሎ ደወለ። በዚያው ሰሞን የአውቶብሱን መነሻ ከእኛ ወዲያ ወዳለው አዲስ ሰፈር ወሰዱት፤ አሁን እኛ ጋ የሚደርሰው ሞልቶ ነው። የሰፈሩ ድንጋይ ግን አሁንም ይሰለፋል። ሰው የለመደውን አይተውም።

ጋሼ ዳኛው ፊሽካቸውን አይነፉም። ሥራ የጀመርኩ ቀን ጠዋት ፌርማታው ላይ ስደርስ ሰማያዊውን ድንጋይ ከፊት አስቀምጠውት አገኘሁ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ፤ ዓይኔን የሚያይ ግን የለም። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። ሁለት እጅ ቀለም የጠጣ ስለሆነ አንድም ቦታ አልተላጠም።

«እዚያው ይሁን ልጄ» አሉኝ ጋሼ ዳኛው ቀስ ብለው። «ቦታው የእሱ ነው።»

«የታመመ ይቅደም ነው ሕጉ» አልኳቸው። «እኔ ጤነኛ ነኝ።»

ድንጋዩን ታቅፌ ከቢጫው፣ ከቀዩ፣ ከአረንጓዴው ሁሉ አለፍኩና ከመጨረሻው ኋላ አስቀመጥኩት። አውቶብሱ መጣ። ሞልቷል። በሩ ተከፍቶ ከፊት ያለ አንድ ሰው ብቻ ተጠቅጥቆ ገባና ተዘጋ። ሁሉም እንዳደረገው ድንጋዬን አንስቼ አንድ እርምጃ ወደፊት አስጠጋሁት።